መጸው በጥሊሊ

የዘመን ቈጠራችን ዓመቱን ለአራት ይከፍለዋል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ደግሞ ክረምት ይባላል። ክፍፍሉን ያወጡት የቤተ ክህነት ሊቃውንት ቢሆኑም በየዓመቱ የሚያጸድቀው ገበሬው ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል የደመናው ጥቁረት ይለቃል፤ ወንዙ ከሙላቱ ጎድሎ የሆዱን ድንጋይ ያሳያል፤ የመንገዱ ጭቃ ጠጥሮ ለእግረኛ ይመቻል። በክረምቱ ከጎረቤቱ ተለያይቶ የከረመ ሰው ማዶውን ተሻግሮ «እንዴት ከረማችሁ?» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

የአውሮፓን ግጥምና ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጸሐፍት፣ በዚያ አህጉር ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚውለውን ወቅት ሲተረጉሙ ብዙ ጊዜ ይህንኑ «መጸው» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። ወራቱ በእርግጥ ይቀራረባሉ፤ መንፈሱ ግን ይራራቃል። በሰሜኑ ዓለም መጸው ቅጠል የሚረግፍበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ባለቅኔው ስለ እርጅናና ስለ ሞት የሚተክዝበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ምድር አበባዋን የምትገልጥበት ወራት ነው። የመጀመሪያዎቹ አርባ ቀናት «ዘመነ ጽጌ» ይባላሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ካህናቱ በአባ ጽጌ ብርሃን የተደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ እየቆሙ ሌሊቱን ያነጋሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዓደዩና መቹ መስኩን ብጫ ያለብሱታል። በጥቅምትና በኅዳር ቀፎው ተከፍቶ ማር የሚቆረጠው ንቦቹ ይህን አበባ ቀስመው ሲጨርሱ ነው።

እንግዲህ የዚህ ወቅት ደስታዎች ቀላል ደስታዎች ናቸው። እሸት መጠርጠር፣ ፀሐይ መሞቅ፣ በደረቀ መንገድ መጓዝ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ማንበብ ወይም ማውጋት ገንዘብ አይጠይቁም። ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን ዋጋው ሳይታወቅ ይኖራል። ዋጋው የሚታወቀው አንድ ዓመት የጎደለ እንደሆነ ነው።

ጥሊሊ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ቡሬ ከታለፈ በኋላ እንጅባራ ሳይደረስ የምትገኝ፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ የሆነች የአዊ ከተማ ናት። የአውቶቡስ ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይቷት ያልፋል። ከመኪናው ቢወርድ የደጋው ብርድ ይቀበለዋል። የቀርቀሃ አጥር፣ የቀርቀሃ ወንበር፣ በጆንያ የቆመ ድንች፣ በፈረስ ወደ ገበያ የሚመጣ ባላገር፣ አማርኛውንና አዊኛውን እያፈራረቀ የሚገበያይ ሕዝብ ያያል። ከዚችው ከተማ ወደ ሰከላ የሚገነጠል መንገድ አለ፤ ሰከላ የግሽ ዐባይ ምንጭ ያለበት ምድር ነው። በሌላው አቅጣጫ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከተማው ሳይደርስ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። ስለዚህ ጥሊሊ በሁለት ውኃዎች መካከል ተቀምጣለች ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ከምንጩ ተነሥቶ ባሕር እስኪደርስ የሚጓዝ ነው፤ ሁለተኛው ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነው።

በዚህች ከተማ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ይኖራሉ። ጠመኔ ካስቀመጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ «መምህር» እንጂ በስማቸው አይጠራቸውም። መምህሩ ከዓመቱ ወራት ሁሉ መጸውን ይመርጣሉ። በዚህ ወቅት ሁለት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ቀን በእግራቸው ወደ ዘንገና መሄድ፣ ማታ የታሪክ መጽሐፍ ማንበብ። ሁለቱን አንድ ሥራ አድርገው ነው የሚያዩዋቸው። በእግሩ ያልረገጠውን አገር የሚያነብ ሰው ስም ብቻ ይሸመድዳል፤ ሳያነብ የሚረግጥ ደግሞ በአያቶቹ ደጃፍ ሰላምታ ሳይሰጥ ያልፋል ይላሉ።

ለመንገዱ የሚይዙት ብዙ አይደለም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ የገብስ ቆሎ በኪሳቸው ጨምረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገና ውርጩ ከሣር ላይ ሳይነሣ ይወጣሉ። መንገዱ ጠንክሮ ለሚራመድ ሰው ግማሽ ቀን አይሞላም፤ መምህሩ ግን አይቸኩሉም። ገብሱ ወደ መንጣት ደርሷል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ የድንቹ ማሳ ተቆፍሮ አፈሩ ለፀሐይ ተሰጥቷል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሩቅ አይቷቸው ይነሣና «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርህ ልጄ? ከብቶቹስ ደኅና ናቸው?» ይሉታል። ቆሎው እኩል ለእኩል ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ልጁ ስለ ጊደሯ፣ መምህሩ ስለ ዝናቡ መቋረጥ ጥቂት ያወራሉ። ይህ ንግግር በየትም አይጻፍም፤ ነገር ግን የመጸው ጠዋት ያለ እርሱ ጎደሎ ነው።

በመንገዱ ዳር የሚታየው አንድ ነገር መምህሩ ልጅ በነበሩ ጊዜ አልነበረም። እርሱም በአዊ ደጋ ላይ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ሆኖ እህል እምቢ ባለው ማሳ ላይ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል እያደረገ ሸጧል፤ ከሽያጩም ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፣ ልጆቹን አስተምሯል። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ተክል ደርቋል። መምህሩ በቆሙት ረድፎች መካከል ሲያልፉ ደስታና ሥጋት ይቀላቀልባቸዋል። አገር መልኳን በአንድ ሰው ዕድሜ ልትለውጥ እንደምትችል ከመጽሐፍ ያወቁትን እዚህ በዓይናቸው አይተዋል።

ዘንገና ከዛፎቹ መካከል ድንገት ይገለጣል። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። ሐምሳ ፎቅ ያለው ሕንፃ ቢገባበት ጫፉ አይታይም ማለት ነው። ጥርባ የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በዚሁ በአዊ ምድር አለ፤ የመምህሩ ግን ዘንገና ነው። በክረምት ጉም ይውጠዋል፤ በበጋ አቧራና ነፋስ ያስቸግረዋል። በመጸው አየሩ ታጥቦ ስለሚጠራ የማዶው ዛፍ በውኃው ላይ ተገልብጦ፣ ከነቅርንጫፉ ሊቆጠር ይችላል።

መምህሩ እዚያ ደርሰው የሚያደርጉት ነገር የለም። ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ያወርዳሉ፤ ቀሪዋን ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ወፎቹን ያዳምጣሉ። ሰው ከሥራ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይዞ ነው የሚያርፈው። የሐይቁ ጸጥታ ግን ሐሳብን ቀስ በቀስ ከሰው እጅ ይቀበላል። አምስት ሺህ ዓመት በእነርሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የታሪክ መምህር ናቸውና። በዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲቀመጡ ግን አምስት ሺህ ዓመት እንደ ትናንት ቅርብ ይሆንባቸዋል። ይህ መናቅ አያመጣባቸውም፤ እፎይታ ያመጣላቸዋል።

ማታ ሌላው ደስታ ይጀምራል። ጥቅምት ብርድ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም በከንቱ አይደለም። አጥንቱ ባይገኝ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አለ፤ እሳቱ አለ፤ ቡናው አለ። መምህሩ መብራቱን ወደ ራሳቸው አስጠግተው ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ያወርዳሉ። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ ሥራዎች ከነሽፋናቸው መበጣጠስ አሉ። የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃም ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዐባይን ምንጭ ፍለጋ የተጓዘበትን ታሪክ የሚተርክ፣ ዳሩ የተበላ የእንግሊዝኛ መጽሐፍም አለ።

ከመጽሐፉ በፊት ግን የአገሩ አፈ ታሪክ ይቀድማል። በሰከላ እንደሚነገረው፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የተባሉት ጻድቅ መከራ ደርሶባቸው ከቦታው መራቅ ግድ ሲሆንባቸው፣ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ ውኃ አደራ ሰጡ። ከዘመናት በኋላ ተመልሰው «ግሽ» ብለው ቢያዝዙት ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይርስ አወጣላቸው፤ ቦታውም ግሽ ዐባይ ተባለ። መምህሩ ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፤ ውኃው መጻሕፍቱን የመለሰው ባለቤቱ መጥቶ ስለ ጠየቀ ነው።

ለብዙ ዘመን ወደዚያ ምንጭ መጥተው የጠየቁትና የጻፉት ከሩቅ አገር የተነሡ ሰዎች ነበሩ። እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አየ። የጥንት ነገሥታት ቂሮስና ካምቢስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን ለማየት በመብቃቱ እንደ ተደሰተ ጽፏል። መጽሐፉ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በሙሉ ሳይታተም ቆየ። ከእርሱ በኋላ 152 ዓመት አልፎ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ጄምስ ብሩስ ከዚያው ስፍራ ደረሰ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይውላል። ፓኤዝ የጸደዩን ምድር ሲያይ፣ ብሩስ ያየው መጸውን ነው።

የመምህሩ ተወዳጅ ምዕራፍ የጉዞው ዋዜማ ነው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ሥልጣኑ ያለው በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው፤ ዳሞትንና አገውን የያዘው ፋሲል ደግሞ የራስ ሚካኤል ባላንጣ ነው። ብሩስ አስቀድሞ ያደረገው ሙከራ በዚሁ ጦርነት ተሰናክሎበት ነበር። በሁለተኛው ጉዞው ወደ ፋሲል ሰፈር ገባ። ፋሲል በመጀመሪያ ካንጓጠጠው በኋላ ወደደውና አንድ ፈረስ ከነኮርቻው ከነልጓሙ ሰጠው። ምክሩ ግን እንግዳ ነበር፤ አትቀመጥበት፣ እንዲሁ እንደ ተጫነ በፊትህ ንዳው፣ ይህን ፈረስ ያየ የእኔ ሰው አይነካህም አለው። ብሩስም እንደ ተባለው አደረገ፤ በጦርነት የታመሰውን ምድር፣ ማንም ያልተቀመጠበት ፈረስ እየመራው በሰላም አቋረጠው።

መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል። ፈረስ በአዊ ምድር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ ሲሰበሰብ፣ በቀይና በብጫ ዝርግፍ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሲያናውጡት ብዙ ጊዜ አይተዋል። አባቶች በዓድዋ ከፈረሶቻቸው ጋር የከፈሉት መሥዋዕትነት በዚያ ቀን ይታሰባል። የፋሲል ፈረስ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ለጦርነት የተጫነ ፈረስ በባዶ ኮርቻው ሰላምን ተሸክሞ ሄደ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ነገሥታትና መሳፍንት ሁሉ ይልቅ መምህሩ ይህን ፈረስ ይወዱታል።

ቀጣዩ ገጽ ደግሞ ያሳዝናቸዋል። ብሩስ ወደ ምንጩ በሩጫ ወረደ፤ የአርባ ዓመት ሰው ሊሆን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ጽዋ ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ክብር ጠጣ፤ ከእርሱ ጋር የነበረው ግሪካዊም እንዲጠጣ አደረገ። ደስታው ግን አላደረም። እዚያው ሳለ ሐዘን እንደ ወረደበት፣ ይህ ምንጭ በአገሩና በጎረቤቶቹ አገር ካሉት ምንጮች ምን ብልጫ እንዳለው ራሱን እንደ ጠየቀ፣ በራሱ እጅ ጽፏል። ከእርሱ በፊት ፓኤዝ እንዳየውም ለማመን ፈቃደኛ አልነበረም። መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ሲወጣ ደግሞ የገዛ አገሩ ሰዎች ብዙውን ነገር አላመኑትም፤ ከአራት ዓመት በኋላ በቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

የመምህሩ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ብሩስ የመጣው ምንጩን ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘን ባላገኘው ነበር። ከምንጩ ይልቅ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል ይዞ ለመመለስ መጣ። ውኃው ያን ቃል ሊሰጠው አልቻለም፤ ምክንያቱም በምንጩ ዳር ሽበታሙ ቅፍለ ዐባይ፣ የምንጩ ሹም፣ ከአባቶቻቸው የወረሱትን አገልግሎት ይዘው ተቀምጠው ነበር። ብሩስ ያደረው በእሳቸው ቤት ነው። በመጽሐፉ ገጾች ላይ የዚያ ዘመን አገው ወደ ጎንደር በብዛት የሚያወርደው ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ሰምና ቆዳ ሁሉ ተዘርዝሯል። አገሩን ሊያገኘው የመጣው ሰው፣ አገሩ አስቀድሞ በባለቤቶቹ የታወቀ፣ የታረሰና የተወደደ መሆኑን ሳያስበው መሰከረ። ደስታ አንደኛ ለመውጣት ለሚሽቀዳደም ሰው ጠፊ ነው፤ በየመጸው ወደ አንድ ሐይቅ ለሚመላለስ ሰው ግን አያልቅበትም።

ከአገሩ ሰው ወገን ደግሞ አለቃ ተክለ ኢየሱስ አለ። ይህ ሊቅ በልጅነቱ ከዐባይ ማዶ ተማርኮ ወደ ጎጃም የመጣ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደገ፣ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ነው። የተማረከበትን አገር ትውልድ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየቆጠረ፣ ከማንም ይልቅ በትጋት መዘገበ። እጅ ጽሑፉ ለረጅም ዘመን ካልታተመ በኋላ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግርማ ጌታሁን አማካይነት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ወጣ። መምህሩ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይወዳሉ፤ አንደኛው ለዝና መጥቶ በሐዘን የተመለሰ ነው፤ ሁለተኛው ያለ ፈቃዱ መጥቶ በፍቅር የቀረ ነው።

በዚህ ሁኔታ መጸው ከመጸው ሲተካ ኖረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የ2016 መጸውም እንደ ወትሮው አልገባም። አበባው ፈነዳ፤ ገብሱም ነጣ፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋ ሆነ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሳይከፍቱ ወራት አለፉ። የሩቅ ተኩስ የሚሰማ ሰው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ወፍ አያዳምጥም። ወደ ዘንገና የሚደረገው ጉዞ ቀረ። መጸው ዋጋውን የጠየቀው በዚያ ዓመት ነው።

በዚያው ጊዜ የመምህሩ ዓይን መድከም ጀመረ። የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር ነው፤ ነገር ግን ለሕክምናው መንገድ ያስፈልጋል፣ መንገዱም አልጸናም። ፊደሉ መጀመሪያ በጉም ውስጥ እንዳለ ዛፍ ደበዘዘባቸው፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋባቸው። እግራቸው ከሐይቁ፣ ዓይናቸው ከመጽሐፉ፣ በአንድ ወቅት ታገዱ። ብዙ ሰው የደረሰበት ከዚህ የከፋ መሆኑን ስለሚያውቁ አላማረሩም፤ ዝምታቸው ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ከበደው።

የልጃቸው ልጅ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ናት። ትምህርት ቤቷ ስለ ተዘጋ ቀኑ ረዝሞባት ነበር። አንድ ማታ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ያንን ዳሩ የተበላ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደችና እሳቱ ዳር ተቀመጠች።

«አባባ፣ ላንብብልዎ?»

«እንግሊዝኛው የድሮ ነው፣ የኔ እናት። ይከብድሻል።»

«ፊደሉ ይታየኛል። ትርጉሙን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ ንባቡ የሁለት ሰው ሆነ። እሷ የምታየውን ቃል አታውቀውም፤ እሳቸው የሚያውቁትን ቃል አያዩትም። ልጅቱ እየተንተባተበች አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና በአማርኛ ይመልሱላታል፤ እሷ በደብተሯ ትጽፈዋለች። አንድ ገጽ ሙሉ ማታ ይፈጃል። መምህሩ ለሠላሳ ዓመት ያህል በጥድፊያ ያነበቡት ታሪክ አሁን በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ መጣላቸው፤ ቀድሞ ያላስተዋሉት ብዙ ነገር ታያቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጅቱ ድንገት ቆመች። «አባባ፣ ባንጃ ይላል! አንከሻም አለ። ዚገምም!» አጻጻፉ በፈረንጅ ጆሮ እንደ ተሰማው የተጣመመ ነበር፤ እሷ ግን አወቀችው። ከሰባቱ ቤት አገው መካከል የሚቆጠሩ፣ በየገበያውና በየሠርጉ ስትሰማቸው ያደገች ስሞች ናቸው። ከሁለት መቶ ሐምሳ ዓመት በፊት በኤዲንብራ ሊታተም በተጓዘ ወረቀት ላይ አገኘቻቸው። ፊቷ ላይ ምን እንደ ታየ መምህሩ ሊያዩ አልቻሉም፤ ድምፅዋ ግን ነገራቸው። በማስተማር ባሳለፉት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ተማሪ ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የራሱ የሚሆንበትን ቅጽበት ሲጠብቁ ኖረዋል። ብዙ ጊዜ አልመጣም። አሁን ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት በገዛ እሳታቸው ዳር መጣ።

የፋሲል ፈረስ ያለበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ማንም ሳይቀመጥበት ነው የሄደው?»

«አዎን፣ ማንም ሳይቀመጥበት።»

«እንዲህ ያለ ፈረስ አሁን ቢገኝ ወደ ዘንገና እንሄድ ነበር» አለች።

መምህሩ አልመለሱም። የታሪክ ትምህርት ለሁሉም ጥያቄ መልስ የለውም፤ ከሁሉ በፊት ለዚህ ጥያቄ የለውም። ማሳየት የሚችለው፣ በሠይፍ ዘመን እንኳ አንድ ሰው እንግዳ በሰላም እንዲያልፍ የሚያደርግ ብልሃት ሊያገኝ እንደ ቻለ ብቻ ነው። ሰላም ለመሪዎች የስምምነት ሰነድ ይሆናል፤ ለተራው ሰው ግን በጥቅምት ጠዋት ቆሎ ይዞ ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ውኃ አይቶ፣ ወደ ቤቱ የመመለስ ነጻነት ነው። ይህን ያላገኘ ሰው ሰላም አለ ቢሉት ወሬ ይመስለዋል።

ኅዳር ሲገባ፣ ጸጥ ባለ ቀን፣ አያትና የልጅ ልጅ እስከ ከተማው ዳር መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ አይሄዱም። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ያየችውን ትነግራቸዋለች፤ ገብሱ እንደ ታጨደ፣ አውድማው እንደ ተለቀለቀ፣ የትኛው ዲከረንስ እንደ ደረቀ፣ የትኛው እንደ ቆመ። እሳቸው በበኩላቸው መንገዱ ከዚያ በኋላ የት እንደሚታጠፍ፣ ሐይቁ ከየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደሚገለጥ፣ ከየትኛው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ የማዶው ጥላ ጥርት ብሎ እንደሚታይ ያስረዷታል። ጸሐፊ ሳይኖረው የቀረ ብዙ የአዊ ታሪክ እስከ ዛሬ የደረሰው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ አንዱ ያየውን ሌላው እየያዘለት።

ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ የሰጡት መከራ በመጣ ጊዜ ነው ይባላል። መከራው ሲያልፍ ተመልሰው ጠየቁ። የሰከላ ሰው ታሪኩን ሲናገር በውኃው ታማኝነት ይደነቃል፤ መምህሩ ግን ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው መገኘቱን አብልጠው ያደንቃሉ። ዘንገና ከነጥልቀቱ በቦታው ነው፤ የግሽ ዐባይ ምንጭም ይፈልቃል፤ በመደርደሪያውም ላይ ያሉት መጻሕፍት አሉ። ታኅሣሥ 25 ቀን መጸው ሲፈጸም የልጅቱ ደብተር እስከ ግማሹ ሞልቶ ነበር። የቀጣዩን ምዕራፍ መነሻ እንዳይጠፋባት በአንድ የገብስ አገዳ ምልክት አድርጋበት መጽሐፉን ከደነችው።